ሳይቃጠል በቅጠል
ሶፍትዌር በትንሽ በትንሹ ሲሠራ፣ ማሽኑም ራሱ ሲፈትሸው

ናይት ካፒታል በአሜሪካ የአክሲዮን ገዢና ሻጭን የሚያገናኝ የታወቀ ኩባንያ ነበር። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012 ገበያው በተከፈተ በ45 ደቂቃ ውስጥ የኩባንያው ኮምፒዩተሮች ማንም ያላዘዛቸውን ግዢና ሽያጭ ፈጸሙ። ከደንበኞች የመጡት ትእዛዞች 212 ብቻ ሲሆኑ፣ ኮምፒዩተሮቹ ግን ከ4 ሚሊዮን በላይ ግብይት አካሄዱ። ኩባንያው ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። ከሌሎች ባለሀብቶች 400 ሚሊዮን ዶላር ተሰብስቦለት ለጊዜው ቢተርፍም፣ በ2013 ጌትኮ ከተባለ ኩባንያ ጋር ተቀላቀለና ራሱን ችሎ መቆሙ አበቃ።

ሌባ አልገባም፣ ገንዘብ የሰረቀ ሠራተኛም አልነበረም። ታዲያ ይህ ሁሉ ጥፋት ከየት መጣ? መልሱ ለኮምፒዩተር ባለሙያዎች ብቻ የሚተው አይደለም። ዛሬ ደመወዛችን፣ የሐኪም ቀጠሯችንና የባንክ ሒሳባችን በሶፍትዌር ላይ የተመሠረተ ስለሆነ፣ ሶፍትዌር እንዴት ተሠርቶ እጃችን እንደሚደርስ ማወቅ ለሁላችንም ይጠቅማል።

ከስምንቱ አንዱ ሲረሳ

ኩባንያው አዲስ ፕሮግራም አዘጋጅቶ በስምንት ሰርቨሮች ላይ መጫን ነበረበት። ሰርቨር ማለት ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚያገለግል ትልቅ ኮምፒዩተር ነው። አዲሱን ፕሮግራም የጫነው ሰው ሰባቱን ሠርቶ ስምንተኛውን ሳይነካው ቀረ። ሥራውን ደግሞ የሚያይ ሁለተኛ ሰው አልተመደበም፤ እንዲመደብ የሚያዝ የተጻፈ ደንብም አልነበረም።

በስምንተኛው ሰርቨር ላይ ኩባንያው ከ2003 ጀምሮ መጠቀም ያቆመው አሮጌ ፕሮግራም ሳይጠፋ ተቀምጦ ነበር። አዲሱ ፕሮግራም እንዲነሣ የሚያዘው ምልክት ደግሞ ቀድሞ አሮጌውን ይቀሰቅስ የነበረው ያው ምልክት ነው። ስለዚህ ሰባቱ ሰርቨሮች አዲሱን ሥራ ሲሠሩ፣ ስምንተኛው የተኛውን አሮጌ ቀሰቀሰ። አሮጌው ፕሮግራም የታዘዘው አክሲዮን ከሞላ በኋላ እንዲያቆም የሚነግረው ክፍል በ2005 ከቦታው ተነሥቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በትክክል መሥራቱን የፈተነው የለም። በመሆኑም ማቆሚያ የሌለው ማሽን ሆነ።

«ግንባታ» ምን ማለት ነው?

ፕሮግራም አዘጋጁ የሚጽፈው ጽሑፍ ኮድ ይባላል። ኮዱ እንዳለ አይሠራም። ኮምፒዩተር ወደሚያውቀው ቋንቋ መለወጥ፣ ከሌሎች ክፍሎች ጋር መያያዝ፣ መፈተን፣ መታሸግና በየሰርቨሩ መጫን አለበት። እስከ እሽጉ ድረስ ያለውን ሥራ ባለሙያዎቹ «ቢልድ» ይሉታል፤ ግንባታ እንደ ማለት ነው። ቀድሞ ይህ ሁሉ በእጅ ይሠራ ነበር። በእጅ የሚሠራ ነገር ደግሞ ሰው ሲደክመው ወይም ሲቸኩል ይረሳል።

ይህን ችግር ለማቃለል በ1976 ስቱዋርት ፌልድማን የተባለ ተመራማሪ በአሜሪካ ቤል ላብስ ውስጥ «ሜክ» የተባለውን መሣሪያ ሠራ። የሥራው መነሻ ቀላል ነው። አንድ ባልደረባው ስሕተት እየፈለገ ግማሽ ቀን ደከመ። በኋላ ሲታይ ስሕተቱ አስቀድሞ ታርሟል፤ የታረመው ኮድ ግን እንደገና ስላልተገነባ የሚሠራው አሮጌው ነበር። ሜክ የትኛው ክፍል እንደተለወጠ ራሱ አይቶ የተለወጠውንና ከእሱ ጋር የተያያዘውን ብቻ እንደገና ይገነባል። ሜክ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ከእሱም በኋላ አንት፣ ሜቨን፣ ግሬድል የተባሉ ሌሎች መሣሪያዎች መጥተዋል።

አጃይል፦ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል

መሣሪያው ብቻውን አልበቃም፤ የአሠራሩም ልማድ መለወጥ ነበረበት። በቀድሞው ልማድ አንድ ትልቅ ሥራ ሲታዘዝ ለወራት ይታቀዳል፣ ለወራት ይጻፋል፣ ፈተናው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ደንበኛው የሚፈልገው ነገር እንዳልተሠራ የሚያውቀው ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ይሆናል።

በፌብሩዋሪ 2001 በአሜሪካ ዩታ ግዛት፣ ስኖውበርድ በተባለ የተራራ መዝናኛ 17 ባለሙያዎች ተሰብስበው የአጃይል ማኒፌስቶ የሚባለውን አጭር ሰነድ አወጡ። ከመካከላቸው ኬንት ቤክና ማርቲን ፋውለር ይገኙበታል። አጃይል ማለት ቀልጣፋ ማለት ነው። ሐሳባቸው በአጭሩ ሲነገር፣ ሥራው በትንሽ በትንሹ ይከፈል፤ በየጥቂት ሳምንቱ የሚሠራ ነገር ለደንበኛው ይታይ፤ ደንበኛው ሐሳቡን ቢለውጥ አብሮ መለወጥ ይቻል፤ ከወረቀትና ከመሣሪያ ይልቅ ሰዎች እርስ በርስ መነጋገራቸው ይቅደም የሚል ነው።

ነገር ግን በየሳምንቱ አዲስ ሥራ የሚያወጣ ቡድን በየሳምንቱ ግንባታውን በእጅ መሥራት አይችልም። ሰውን ከመሣሪያ ያስቀደሙት ሰዎች መሣሪያን አጥብቀው የፈለጉት ለዚህ ነው። አሰልቺውንና የሚረሳውን ሥራ ማሽን ሲይዘው፣ ሰው ለማሰብና ለመነጋገር ጊዜ ያገኛል።

ማሽኑ እንዴት ይፈትሻል?

በአንድ ቡድን ውስጥ ስምንት ሰዎች ቢኖሩ ሁሉም የየራሱን ክፍል ይጽፋል። ለየብቻቸው አንድ ወር ሠርተው ቢገናኙ አንዱ የጻፈው ከሌላው አይገጥምም፤ የቱ እንዳበላሸውም ለማወቅ ያስቸግራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው ቢያንስ በቀን አንድ ጊዜ ሥራውን ከጋራው ጋር ይቀላቅላል። በዚያው ቅጽበት ማሽኑ ሁሉን እንደገና ይገነባል፣ የተዘጋጁለትን ፈተናዎችም አንድ በአንድ ያካሂዳል። ካለፈ አረንጓዴ፣ ከወደቀ ቀይ ምልክት ያሳያል። አንዳንድ ቡድኖች ሁሉም እንዲያየው ቀይና አረንጓዴ መብራት ግድግዳ ላይ ይሰቅላሉ።

ለዚህ ሥራ ከሚታወቁት መሣሪያዎች አንዱ ጄንኪንስ ነው። ኮሱኬ ካዋጉቺ የተባለ ጃፓናዊ ባለሙያ ሰን ማይክሮሲስተምስ ውስጥ ሳለ «ሃድሰን» ብሎ ጀመረው፤ በ2011 ጄንኪንስ ተባለ። በነጻ የሚገኝ ነው። በአገራችን በእስራኤል በ2008 የተመሠረተው ጄፍሮግም ከዚሁ መስክ የወጣ ነው። ሥራው ከግንባታው የወጡትን እሽጎች የሚያስቀምጥና የሚቆጣጠር መጋዘን ማዘጋጀት ሲሆን፣ በ2020 በኒው ዮርክ ናስዳክ ገበያ ገብቷል።

ኬንት ቤክ ግንባታውና ፈተናው በሙሉ በ10 ደቂቃ እንዲያልቅ ይመክራል። ብዙ ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ ሰዎች መጠበቅ ይሰለቻቸውና ይተዉታል። ስሕተቱ ከተፈጠረ ከ10 ደቂቃ በኋላ ቢታወቅ፣ የጻፈው ሰው ምን እንደለወጠ ገና ስላልረሳ ቶሎ ያርመዋል። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉት ይህንኑ ነው።

ይሁንና ይህ አሠራር ተአምር አይሠራም። ኬንት ቤክ ዘዴውን ያዳበረበት የክራይስለር መኪና ፋብሪካ የደመወዝ ፕሮግራም በ1997 ወደ 10,000 ለሚጠጉ ሠራተኞች ደመወዝ ማስላት ቢጀምርም፣ የሁሉንም ሠራተኛ ደመወዝ ሳይጠቀልል በ2000 ቆሟል። ዘዴው ስሕተትን ቶሎ ያሳያል እንጂ ምን መሥራት እንደሚገባ አይወስንም።

97 መልእክቶች

ወደ ናይት ካፒታል እንመለስ። በዚያ ጠዋት ገበያው ከመከፈቱ በፊት የኩባንያው ሥርዓት ራሱ ስሕተት እንዳለ የሚያመለክቱ 97 የኢሜል መልእክቶች ለሠራተኞች ልኮ ነበር። የአሮጌው ፕሮግራም ስም ሳይቀር ተጽፎባቸዋል። ይሁን እንጂ እንደ ማስጠንቀቂያ ስላልታሰቡ ማንም እርምጃ አልወሰደባቸውም። ጥፋቱ ከተጀመረ በኋላም ሠራተኞቹ ችግሩ ከአዲሱ ፕሮግራም የመጣ መስሏቸው በትክክል ከተጫነባቸው ከሰባቱ ሰርቨሮች ላይ አነሡት። ያን ጊዜ ሰባቱም እንደ ስምንተኛው ሆኑና ነገሩ ባሰ።

የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በ2013 በኩባንያው ላይ የ12 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ሲወስን ጣቱን የቀሰረው በአንድ ሠራተኛ ላይ አልነበረም። ሥራን የሚቆጣጠር ደንብና አሠራር አለመኖሩን ነው የጠቀሰው። በማኅበራዊ ሥራ ሙያ ላይ ላለን ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። አንድ ቤተሰብ ሲጎዳ የመጨረሻውን ሰው መውቀስ ይቀላል፤ ማን ሊያየው ይገባ ነበር፣ ማስጠንቀቂያው ለማን ደረሰ ብሎ መጠየቅ ግን ሌላውን ቤተሰብ ያድናል። ስሕተት የሚያሳፍርበት ቦታ ሰው ስሕተቱን ይደብቃል። ቀይ መብራት የሚጠቅመው ሲበራ ሁሉም ሥራውን አቁሞ «ማን ነው ያበላሸው?» ሳይሆን «እንዴት እናስተካክለው?» ብሎ ሲነሣ ብቻ ነው።

ልጆቻችሁ ይህን ሙያ የሚማሩ ወይም በሃይቴክ ሥራ የሚፈልጉ ከሆነ፣ ቋንቋ ከማወቅ ባሻገር ፈተና መጻፍንና ግንባታን በማሽን ማካሄድን እንዲለማመዱ ምከሩአቸው። ጄንኪንስን ቤታቸው ባለው ኮምፒዩተር ላይ ያለ ክፍያ ጭነው መሞከር ይችላሉ። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሲቀርቡም እነርሱ በተራቸው ሁለት ጥያቄ ቢጠይቁ መልካም ነው፦ አዲስ ሥራ ሰርቨር ላይ የሚጫነው በሰው እጅ ነው ወይስ በማሽን? ግንባታው ሲወድቅስ መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ? ከመልሱ የመሥሪያ ቤቱን ጠባይ መረዳት ይቻላል።