«ዳምፕ» የሚለው ቃልና ምሥጢሩ

እንግሊዝኛ የሚማር ሰው ሁሉ «ዳምፕ» የሚለውን ቃል ሳይውል ሳያድር ያውቀዋል። መዝገበ ቃላቱን ቢገልጥ «እርጥብ፤ እርጥበት» የሚል ፍች ያገኛል፤ ይህንኑ በደብተሩ ጽፎ ያልፋል። ፍቹ ትክክል ነው፤ ነገር ግን በር ሁሉ በዚህ ቁልፍ አይከፈትም።

የቃሉ ዘር ከሰሜን ጀርመንና ከሆላንድ ቋንቋዎች ጋር የተያያዘ ሲሆን፥ የጥንት ትርጉሙ እንፋሎት ማለት ነው። ጀርመኖች ዛሬም እንፋሎትን «ዳምፕፍ» ይሉታል። እንግሊዞች በድሮ ዘመን በዚህ ስም የሚጠሩት መርዘኛውን አየር ነበር፤ እርጥበት የሚለው ትርጉም የተከተለው በኋላ ነው።

የጥንቱ ትርጉም ሳይጠፋ የቆየው በድንጋይ ከሰል ጉድጓዶች ውስጥ ነው። ቆፋሪዎቹ ክፉውን አየር እንደየጠባዩ ስም አወጡለት። «ፋየርዳምፕ» ያሉት ይበልጡን ሜቴን የተባለው ጋዝ ነው፤ ይህም ከመቶ ከ5 እስከ 15 እጅ ሆኖ ከአየር ጋር ሲደባለቅ፥ እሳት ካገኘው ይፈነዳል። «ብላክዳምፕ» ኦክሲጅን የጎደለው አየር ነው፤ መብራትን ያጠፋል፥ ሰውንም አፍኖ ይገድላል። «አፍተርዳምፕ» ደግሞ ከፍንዳታ በኋላ የሚቀረው ሲሆን፥ ካርቦን ሞኖክሳይድ ስላለበት ከእሳቱ የተረፈውን ሰው ይጨርሳል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1812 ዓ.ም. በሰሜን እንግሊዝ በፌሊንግ ጉድጓድ ፋየርዳምፕ ፈንድቶ 92 ሰዎች አለቁ፤ ከነዚህም ውስጥ ልጆች ነበሩበት። ይህን የመሰለው ጥፋት ሊቃውንቱን ስላነሣሣቸው፥ ሰር ሃምፍሪ ዴቪ በ1815 ዓ.ም. ነበልባሉን በሽቦ ወንፊት የከበበ ፋኖስ ሠራ። ወንፊቱ ሙቀቱን ስለሚበትነው የውስጡ ነበልባል የውጩን ጋዝ አያቀጣጥልም፤ የነበልባሉም መልክ ሲለወጥ ቆፋሪው አደጋ መኖሩን ይረዳል።

እንግዲህ አንድ ተርጓሚ «ከዳምፕ ተጠንቀቁ» የሚለውን የእንዲህ ያለ ጉድጓድ ማስጠንቀቂያ «ከእርጥበት ተጠንቀቁ» ብሎ ቢመልሰው ምን ይሆናል? ሠራተኛው ካፖርቱን ደርቦ፥ ተራ ፋኖሱን ለኩሶ ይወርዳል። የሚከተለውን መናገር አያስፈልግም።

ክፉ አየር እሳትንም እስትንፋስንም ስለሚያፍን፥ ቃሉ ማፈን፥ ማብረድ የሚል ትርጉምም አለው። የምድጃን እሳት ማዳፈን፥ የሰውን የደስታ ስሜት ማቀዝቀዝ በዚሁ ግሥ ይነገራል። በፒያኖ ውስጥ የጅማቱን ንዝረት ጸጥ የሚያደርገው «ዳምፐር» ይባላል፤ በጢስ መውጫ ውስጥ የአየሩን መተላለፊያ የሚያጠበው ክዳንም እንዲሁ ነው። በአውስትራሊያ ግን «ዳምፐር» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚቀርብለት በፍም አመድ የተጋገረ ቂጣ ነው!

በእኛ ዘንድ «እርጥብ» ሲባል ብዙ ጊዜ ለምለሙ ይታሰበናል፤ ለእንግዳ የሚጎዘጎዘው እርጥብ ቄጤማ ለዚህ ምስክር ነው። እንግሊዛዊው ግን ቤቱን «ዳምፕ» ነው ካለ፥ ግድግዳው ሻግቷል ብሎ ማማረሩ ነው። ስለዚህ ተማሪም ሆነ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ፥ ቃሉ ምን ማለት እንደ ሆነ ከመጠየቁ በፊት፥ ማን፥ የት፥ በምን ሥራ ላይ ሆኖ እንደ ተናገረው ይጠይቅ። መዝገበ ቃላት መንገድ ያሳያል እንጂ፥ ስለ ተጓዡ አይሄድለትም።