ከቆሻሻ ክምር የሚወጣው ጋዝ

በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ፣ ረጲ አካባቢ የሚገኘው ቆሼ ከ50 ዓመት በላይ የከተማዋን ቆሻሻ ሲቀበል ኖሯል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ቀጠፈ፤ አገሪቱም ለ3 ቀናት ብሔራዊ ሐዘን አወጀች። ያ ቀን የቆሻሻ ተራራ በቁመቱና በክብደቱ ምን ያህል እንደሚያሰጋ ለሁሉም አሳይቷል። ከእንዲህ ያለ ክምር ግን በዓይን የማይታይ፣ ሌት ተቀን የማይቋረጥ ሌላ አደጋም ይወጣል። እሱም ጋዝ ነው።

ጋዙ ከጠርሙስ ወይም ከቆርቆሮ አይመነጭም። ምንጩ የሚበሰብሰው ቆሻሻ ነው፦ የምግብ ትራፊ፣ የአትክልት ልጣጭ፣ የጫት ገራባ፣ ሣር፣ ወረቀትና ካርቶን። የአዲስ አበባ ቤቶች ከሚጥሉት ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው የሚበሰብስ ነው። ቆሻሻው በተጣለ ሰሞን በመካከሉ አየር ስላለ ኦክስጅን የሚሹ ባክቴሪያዎች ያፈራርሱታል፤ የሚወጣውም በዋናነት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሌላ ቆሻሻ ሲደረብበትና በዶዘር ሲዳመጥ ኦክስጅኑ ያልቃል። ያን ጊዜ ተራው ያለ አየር የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ይሆናል። አንዳንዶቹ የሚበሰብሰውን ወደ አሲድና ሃይድሮጅን ይለውጡታል፤ ሌሎቹ ደግሞ ከዚያ ሚቴን ይሠራሉ። በተከደነ ሊጥ ውስጥ እርሾ አየር ሳይጠብቅ ሥራውን እንደሚሠራ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ሊጡ በጥቂት ቀን ሲደርስ ክምሩ ለ20 እና ለ30 ዓመት ጋዝ ማውጣቱን አለማቆሙ ነው። ስለዚህ አንድ መጣያ ተዘግቶ አፈር ቢለብስም ጣጣው አላለቀም።

ከክምሩ ከሚወጣው ጋዝ ግማሽ ያህሉ ሚቴን፣ ቀሪው በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሚቴን በከባቢ አየር ውስጥ የሚቆየው 12 ዓመት ገደማ ቢሆንም በዚያ አጭር ዕድሜው የሚያምቀው ሙቀት ከባድ ነው። በ20 ዓመት ሲሰላ፣ ሚቴን በክብደት እኩል ከሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይልቅ ከ80 እጥፍ በላይ ምድርን ያሞቃል። ከሰው ልጅ እንቅስቃሴ ከሚመነጨው ሚቴን አንድ አምስተኛ ያህሉም ከቆሻሻና ከፍሳሽ የሚወጣ ነው። የዕድሜው ማጠር ግን ተስፋም ይሰጣል፤ ልቀቱ ዛሬ ቢቀንስ ውጤቱን የምናየው እኛው ነን። እ.ኤ.አ. በ2021 በግላስጎው ከ100 በላይ አገሮች የሚቴን ልቀትን እስከ 2030 ድረስ በጋራ በ30 በመቶ ለመቀነስ ቃል የገቡትም ለዚህ ነው።

የቅርቡ ጉዳት የሚያርፈው በጎረቤቱ ላይ ነው። ሚቴን ሽታም ቀለምም የለውም፤ መጣያ አጠገብ እንደ ገማ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። ስለዚህ ሽታ አለመኖሩ ጋዝ አለመኖሩን አያረጋግጥም። ሚቴን ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲደርስ ትንሽ የእሳት ብልጭታ ያፈነዳዋል። እ.ኤ.አ. በ1986 በእንግሊዝ ሎስኮ በተባለች መንደር የአየር ግፊት በድንገት ሲወርድ፣ ከመጣያ የወጣ ጋዝ በመሬት ውስጥ ሾልኮ አንድ መኖሪያ ቤት ገባና ፈነዳ፤ ቤቱ ፈረሰ፣ 3 ሰዎች ቆሰሉ። እ.ኤ.አ. በ1993 ደግሞ በኢስታንቡል ዑምራኒዬ የቆሻሻ ክምር ውስጥ ሚቴን ፈንድቶ ክምሩን በሰፈር ላይ ናደው፤ 39 ሰዎች አለቁ። ጋዙ የዛፎችን ሥር ኦክስጅን ነፍጎ ያደርቃል፤ በክምሩ ውስጥ ለሚጤስ እሳትም ነዳጅ ይሆናል፤ ጭሱን የሚምገው በዚያው ቆሻሻ ለቅሞ የሚያድረው ወገናችን ነው።

መፍትሔው ከታወቀ ቆይቷል። በዘመናዊ መጣያ ጋዙ በጉድጓድና በቧንቧ ተስቦ ይቃጠላል ወይም ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ሲቃጠል የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚቴኑ በጣም የቀለለ ጉዳት አለው። ሌላው መንገድ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በጃፓን የተፈጠረው የፉኩኦካ ዘዴ ነው። ከክምሩ ሥር የተበሳሱ ቱቦዎች ይዘረጋሉ፤ ቱቦዎቹ ፍሳሹን እያስወጡ አየር ያስገባሉ። የብስባሹ ሙቀት ወደ ላይ ሲነሳ ንጹሕ አየር ከታች ስለሚስብ ያለ ሞተር ይሠራል፤ ኦክስጅን በገባበትም ሚቴን ይቀንሳል። ከ2009ኙ አደጋ በኋላ በተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራምና በጃፓን ድጋፍ ይኸው ዘዴ በቆሼ ተሞክሯል። በአጠገቡም በ2010 ዓ.ም. ቆሻሻን አቃጥሎ ኃይል የሚያመነጨው የረጲ ጣቢያ ተመርቋል።

ይህ ሁሉ ግን ክምሩ ከተከመረ በኋላ የሚደረግ ነው። እርጥብ ቆሻሻ ለማቃጠልም አይመችም፤ ብዙው ሙቀት ውሃውን ለማትነን ይባክናል። ከሁሉም የሚሻለው የሚበሰብሰውን ከመነሻው ለይቶ፣ አየር እያገኘ እንዲበሰብስ እያገላበጡ ኮምፖስት ማድረግ ነው። ለዚህ የአትክልት ገበያዎች፣ ሆቴሎችና ጭማቂ ቤቶች ጥሩ መነሻ ናቸው፤ ቆሻሻቸው እርጥብ፣ ብዙና ያልተደባለቀ ነውና። ቤተሰብም በሁለት ጆንያ ለይቶ ማስረከብ ይችላል፤ የለየው ግን የቆሻሻ መኪናው ላይ ተመልሶ እንዳይደባለቅ ኃላፊነቱ የከተማው ነው። ማዳበሪያ የተወደደበት ገበሬ የሚፈልገውን አፈር ቀብረን ጋዝ የምናደርግበት ምክንያት የለም።