ከማኅፀን ጀምሮ በድመቶች እግር ላይ ስለሚታየው ጉድለት

በጂንካ ወይና ደጋም ሆነ በኦሞ ወንዝ ዳር፥ ማሽላና በቆሎ በጎተራ በሚከተትበት ስፍራ ሁሉ እህሉን ከአይጥ የምትጠብቅ ድመት ናት። ስለዚህ የድመትን ነገር እንደ ተራ ነገር ቈጥሮ መተው ለባለጎተራ አይበጅም።

ድመት በተፈጥሮዋ ከፊት አምስት አምስት፥ ከኋላ አራት አራት፥ በጠቅላላው 18 ጣቶች አሏት። አንዳንዱ ግልገል ግን በአንድ እግሩ ስድስት ወይም ሰባት ጣት ይዞ ይወለዳል፤ ሌላውም ከክርን በታች ካሉት ሁለት አጥንቶች አንዱ አጥሮበት ወይም ጨርሶ ታጥቶ የፊት እግሩ ይቈለመማል። ትርፍ ጣት ከአንዱ ወላጅ ብቻ ሊወረስ ይችላል። በአሜሪካ ኪ ዌስት በምትባል ደሴት፥ ደራሲው ኧርነስት ሄሚንግዌይ ይኖርበት በነበረው ቤት ካሉት ድመቶች ግማሽ ያህሉ እንዲህ ያሉ ናቸው። በፈረንጅ አቈጣጠር በ2008 ዓ.ም. የታተመው የሊቃውንት ምርመራም ምክንያቱ በዘር ጽሕፈታቸው ውስጥ የአንዲት ፊደል መለወጥ መሆኑን ገልጧል።

ምክንያቱ ሁልጊዜ ዘር አይደለም። ለጭርት የሚሰጠው ግሪዚዮፉልቪን የተባለው መድኃኒት ለእርጉዝ ድመት ቢሰጥ ግልገሎቹን በማኅፀን ሳሉ ይጐዳል። እርግዝናዋ ዘጠኝ ሳምንት ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ ባለቤቷ ማርገዟን ሳያውቅ ጉዳቱ ሊደርስ ይችላል።

ይህን ለክቡራን ገዢዎችና ለወረዳ ሹማምንት የምናመለክተው ለድመቷ ስንል ብቻ አይደለም። በሐመር፥ በበናና በካራ ሕዝብ ዘንድ ሚንጊ የሚባል ልማድ ከጥንት ሲወርድ መምጣቱ የታወቀ ነው፤ የላይ ጥርሱ አስቀድሞ የበቀለ ሕፃን ድርቅና በሽታ ያመጣል እየተባለ ይወገዳል። የካራ ሽማግሌዎች በ2004 ዓ.ም. ልማዱን መተዋቸውን በይፋ አስታውቀዋል። ልማዱ ለድመት የተሠራ አይደለም። ነገር ግን ሰው ስለ ገዛ ልጁ አካል በአደባባይ ሲነገረው ያፍራል፥ ይቈጣልም፤ ስለ ድመት ሲነገረው ግን እየሣቀ ይሰማል። እግሩ የተቈለመመ ግልገል በተገኘ ጊዜ ሹሙ ራሱ በገበያ ቀን አንሥቶ ምክንያቱን ቢያስረዳ፥ ከብዙ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የበለጠ ይጠቅማል። (ደብዳቤውን የምንጽፈው እኛው ሆነን ሳለ ይህን እንላለን።)

ትርፍ ጣት ያለው ድመት አይጥ ከመያዝ አይከለከልም፤ ጥፍሩ ግን መሬት ስለማይነካ ዞሮ ሥጋውን እንዳይወጋ በየጊዜው ይቈረጥ። አጥንት የጐደለውን ለዘር ማስቀረት አይገባም። አጥንቱ ሙሉ ሆኖ ጅማቱ ብቻ የተኰማተረበትን ግን የእንስሳት ሐኪም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ካየው፥ በቀስታ በማሸትና በማሰር እግሩ ሊቃና ይችላል።