የጽዋ ማኅበርና የክርስቲያን ፍቅር በግሽ ዓባይ አካባቢ

በምዕራብ ጎጃም ገጠር አንድ ሰው «እኔና እገሌ ፍቅር ነን» ያለ እንደ ሆነ ስለ ልቡ ስሜት መናገሩ አይደለም። በመካከላችን ጠብ የለም፤ ቤቱ ገብቼ እበላለሁ፤ እርሱም ቤቴ ይበላል፤ ብሞት ይቀብረኛል ማለቱ ነው። በዚህ አነጋገር የፍቅር ተቃራኒ ጥላቻ ሳይሆን ጠብ ነው። እኛ ተማሮች ስለ ክርስቲያን ፍቅር ስንጽፍ ወዲያው ወደ ግሪኩ ቃል ወደ አጋፔ እንሮጣለን፤ ትርጓሜውንም ከሰማይ እናወርዳለን። የሰከላ፣ የቡሬና የፍኖተ ሰላም ገበሬ ግን ፍቅርን የሚያውቀው በሥራው ነው፤ ሥራውም በግልጽ ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዱ ጽዋ ማኅበር ነው። የግሪኩም ቃል ቢሆን ከዚህ የራቀ አይደለም፤ የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች አብረው የሚበሉትን ማዕድ በዚሁ ስም ይጠሩት ነበርና።

ጽዋ ማኅበር ማለት በአንድ ቅዱስ ስም የተሰበሰቡ ምእመናን በየወሩ በበዓሉ ቀን፣ ለሚካኤል በ12፣ ለማርያም በ21፣ ለመድኃኔ ዓለም በ27፣ በየተራ በአንዱ አባል ቤት የሚገናኙበት ነው። ሴቶች ለብቻቸው የሚያቋቁሙትም አለ። ሰንበቴ የሚባለው ግን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የሚደረገው ስለ ሆነ ከዚህ ጋር መደባለቅ አይገባም። ባለተራው እንደ አገሩ ምርት ይደግሳል፤ በሰከላ ደጋ የገብስ ዳቦና ጠላ፣ ወደ ቡሬና ወደ ፍኖተ ሰላም ወረድ ሲባል ደግሞ የጤፍ እንጀራ፣ የዳጉሳ ጠላ፣ የዚያው አገር በርበሬ የገባበት ወጥ ይቀርባል። ካህኑ ጸሎት አድርሶ ዳቦውን ይባርካል። የማኅበሩ አለቃ ሙሴ ይባላል፤ ሥርዓቱን የሚጠብቅ እርሱ ነው። ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ሲቀዳ ለሁለት ጥማድ በሬ ጌታም፣ በሬ ለምኖ ለሚያርሰውም የሚደርሰው አንድ ዓይነት ነው። ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች የገሠጻቸው በዚሁ ነገር እንደ ነበር አንባቢ ያስታውሳል፤ ያለው ቀድሞ ይጠግባል፣ የሌለው ይራባል፣ ማኅበሩም ማኅበር መሆኑ ይቀራል። በመጨረሻ የሚመጣው ወር ባለተራ ጽዋውን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይወስዳል።

ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ነገር ግን ከመጠጡ በፊት ያለው ነው። የተጣሉ አባሎች ካሉ ሳይታረቁ ከአንድ ጽዋ ሊጠጡ አይገባም። ጠቡ አብዛኛውን ጊዜ የታወቀ ነው፤ አንዱ ሲያርስ ድንበር ገፍቷል፣ ወይም የአንዱ ከብት የሌላውን አዝመራ በልቷል። ሙሴውና ካህኑ ሁለቱን አቁመው ነገሩን ይሰማሉ፤ ካሣ የሚገባውን ያስክሳሉ፤ በዳይ ይወድቃል፣ ተበዳይም «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይላል። እንቢ ያለ ከጽዋው ይለያል። ይህ ልማድ ከወንጌል ቃል የራቀ አይደለም፤ መባህን ከመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ታረቅ የሚለው ትእዛዝ በማቴዎስ ምዕራፍ 5 አለ። በቅዳሴም ሕዝቡ እርስ በርሱ ሰላምታ እንዲሰጣጥ ዲያቆኑ የሚያዝዘው ሥጋውና ደሙ ከመቅረቡ በፊት ነው።

አንዳንድ የተማረ ሰው ይህን ሰምቶ «እንዲህ ያለው ይቅርታ በግድ የተገኘ ነው፤ ፍቅር ሊባል አይችልም» ይላል። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ፍቅር በወንጌል የመጣው እንደ ትእዛዝ ነው፤ የልብን ስሜት ደግሞ ማንም ሊያዝዘው አይችልም። ማኅበሩም ከተበዳዩ የሚጠይቀው ስሜቱን አይደለም። የሚጠይቀው በማግሥቱ ድንበሩን እንዳይገፋ፣ ሲገናኙ ፊቱን እንዳያዞር፣ የዚያን ሰው ልጅ ሲሞት ለቅሶ እንዳይቀር ነው። ልቡ ቆይቶ ሊከተል ይችላል፤ ባይከተልም እንኳ ደም አልፈሰሰም። ድንበር የሰው ነፍስ በሚያስጠፋበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

እስከዚህ ያለው ግን ሁሉ በብድር የቆመ ነው። እኔ ዛሬ ደገስሁ፣ አንተ በሚመጣው ወር ትደግሳለህ። ወንፈልም እንደዚሁ ነው፤ ያረስሁልህን ቀን ቆጥረህ ታርስልኛለህ። ወንጌል ደግሞ በሉቃስ ምዕራፍ 14 ግብዣህን ብድር መመለስ ለማይችል አድርግ ይላል። እንግዲህ ጽዋ ማኅበር ከብድር የሚያልፍ ነገር አለው ወይ? አለው፤ እርሱም ከደጅ ይገኛል። በማኅበር ቀን የመጣ ድኻና መንገደኛ ሳይቀምስ መመለስ ነውር ነው። ለጠበል ወደ ግሽ ዓባይ የሚወጣ ሕመምተኛ፣ በጥር 13 ለአቡነ ዘርዐ ቡሩክ በዓል የሚመጣ ምእመን፣ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ የሚገባ የመሸበት ሰው፣ ሁሉ ብድር አይመልሱም። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከውሻ ጋር የሚታገለው የቆሎ ተማሪ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ቅኔ ሊማር ከሩቅ አገር ወደ ዋሸራ የመጣ ልጅ ተምሮ ይሄዳል እንጂ ያጎረሰችውን ሴት ተመልሶ አያያትም። የጎጃም የቅኔ ትምህርት የኖረው በዚህች ጉርሻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሴቲቱን ለምን እንደ ሰጠች ብንጠይቃት የበላዔ ሰብእን ታሪክ ትነግረን ይሆናል፤ 78 ነፍስ የበላው ሰው በማርያም ስም ለተጠማ ሕመምተኛ እፍኝ ውሃ ሰጥቶ የዳነበትን። የካቲት 16 በኪዳነ ምሕረት በዓል የሚነገረው ይህ ታሪክ ስለ ፍቅር ከተጻፈ ከብዙ ድርሰት ይልቅ በገጠር ሥራ ሠርቷል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ ውጊያ ስለ ተነሣ ግን የማያውቁትን ሰው በሌሊት ማስገባት የሚያስፈራ ሆኗል፤ የእግዜር እንግዳንም ማን ነህ ብሎ መጠየቅ ግድ ይላል።

ፍቅሩ የቆመበትን ወሰንም መናገር ይገባል። ጠይቡን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውንና ሸክላ ሠሪዋን ብዙ ሰው «ቡዳ» እያለ ሲሸሻቸው ኖሯል፤ ልጅ አይሰጣቸውም፣ ልጃቸውን አያገባም፣ በማዕድም አይቀርባቸውም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በዐዋጅ ከልክለዋል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ደግሞ ርስት ያልነበረውን ሁሉ የመሬት ተካፋይ አድርጓል። ስድቡ በብዙ ስፍራ ቀንሷል፤ ጽዋው ግን ከዐዋጁ ኋላ ቀርቷል። ተበዳይን ከበዳዩ ጋር የሚያስታርቀው ሙሴ ምንም ያልበደለውን ጠይብ ወደ ማኅበሩ አላስገባውም። ጠይቡም ክርስቲያን ነው፤ በክርስትና ስሙ ይጠራል፣ ይጾማል፣ በቅዳሴ ጊዜ ከጎረቤቱ ጋር ከአንድ ዕርፈ መስቀል ይቀበላል። በ21 በጎረቤቱ ቤት ማኅበር ሲጠጣ ግን እርሱ ከቤቱ ነው። ጠላው የተጠመቀበትን ጋን ሠርታ፣ ተኩሳ፣ በጀርባዋ አዝላ ገበያ ያወጣችው ሚስቱ ናት።