ለልጆቹ ታብሌት እንግዛላቸውን?



ከምናገለግላቸው አጥቢያዎች አንዱ በቅርቡ ደብዳቤ ጽፎልናል። ምእመናኑ ለሁለት ዓመት በየወሩ ጥቂት ጥቂት እያዋጡ፣ በአጥቢያው የሕፃናት ፕሮጀክት ለሚረዱት ተማሪዎች መማሪያ የሚውል ገንዘብ አጠራቅመዋል። ገንዘቡ ቢበዛ 12 ታብሌት ይገዛል፤ ልጆቹ ግን 140 ናቸው። «እንደ ኮሮናው ጊዜ ትምህርት ቤት ቢዘጋ ልጆቻችን ዳግመኛ ያለ ትምህርት እንዳይቀሩ ታብሌቱን እንግዛ? ወይስ የተሻለ አሳብ አላችሁ?» ሲሉ ጠይቀዋል።

ተመሳሳይ ጥያቄ ከሌሎች አጥቢያዎችና ከፕሮጀክት ሠራተኞችም ስለሚደርሰን መልሳችንን በዚህ ገጽ ማውጣቱን መረጥን። መልሱ አጭር አይደለም። እኛም ከመጀመሪያው ያወቅነው ሳይሆን ተሳስተን የተማርነው ነው።

እንደምታስታውሱት የኮሮና በሽታ በአገራችን መጀመሪያ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታቸው ተነሡ። ለሁለት ሳምንት ነው የተባለው መዘጋት እስከ ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ዘለቀ፤ ያን ጊዜም የተከፈተው ደረጃ በደረጃና በፈረቃ ነበር። በመካከሉ ከ8ኛና ከ12ኛ ክፍል በስተቀር ተማሪዎች ወደሚቀጥለው ክፍል እንዲያልፉ ተወሰነ። ስለዚህ አንድ የ3ኛ ክፍል ልጅ የዓመቱን ትምህርት ሳይጨርስ 4ኛ ክፍል ገባ ማለት ነው። ይህ የእኛ ችግር ብቻ አልነበረም። ዩኒሴፍ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ባወጣው መግለጫ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ በራዲዮም በቴሌቪዥንም በኢንተርኔትም ሊማሩ ያልቻሉ ልጆች በዓለም ዙሪያ ቢያንስ 463 ሚሊዮን እንደ ነበሩ ገልጾ ነበር።

መንግሥት ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ለአንደኛ ደረጃ በራዲዮ፣ ለሁለተኛ ደረጃ በቴሌቪዥን ትምህርት መተላለፍ ጀመረ። ብዙ ትምህርት ቤቶችም የቴሌግራም ቡድን አቋቁመው የመልመጃ ጥያቄ ይልኩ ነበር። እኛም በሐዋሳ ከተማ ዳርቻ ባለው ፕሮጀክታችን ይህንኑ ለመከተል ቸኮልን።

በዚያ ፕሮጀክት ከሰዓት በኋላ የሚያስጠና አንድ የ4ኛ ክፍል መምህር አለን። ይህ ወንድም ስልክ መነካካት የሚወድ ስለ ነበር በሁለት ቀን ውስጥ የቴሌግራም ቡድን ከፈተ፤ ሒሳቡንም በድምፁ እያብራራ፣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፈውን ፎቶግራፍ እያነሣ ይልክ ጀመር። እኛም ፎቶግራፎቹን ለደጋፊዎቻችን አሳየን፤ ልጆቹ እየተማሩ ነው ብለንም ጻፍን። ከሦስት ሳምንት በኋላ መምህሩ የስም መጥሪያውን ይዞ መጣና ቁጭ ብለን ቆጠርን። ከ47 ልጆች ቴሌግራም የሚከፍት ስልክ በቤታቸው ያለው 9 ብቻ ነበሩ። ተራ ስልክ ያላቸው ወይም ጎረቤት የሚያስደውላቸው 31፤ ምንም የሌላቸው 7። ከዘጠኙም ቢሆን የአንደኛው አባት ባጃጅ ነጂ ነው፤ ስልኩ ከእርሱ ጋር ማለዳ ወጥቶ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ይመለሳል፤ ልጁ ያን ጊዜ ተኝቷል። ጭራሽ ሰኔ 23 ቀን በአገሪቱ ኢንተርኔት ተቋረጠና ከሁለት ሳምንት በላይ እነዚያም ዘጠኙ ቀሩ። ቀድሞ የጻፍነውን ሪፖርት ስናስበው ዛሬም ያሳፍረናል።

ራዲዮው ብዙ ቤት ይገባል ብለን ተስፋ አደረግን፤ በእርግጥም ይገባል። ነገር ግን አንድ ቀን መምህሩ እንጀራ እየጋገሩ ወደሚሸጡ አንዲት እናት ቤት ጎራ ብሎ የልጃቸውን ደብተር አየ። ልጅቱ የራዲዮውን ትምህርት አንድም ቀን ሳታጓድል ተከታትላለች፤ ደብተሯም ንጹሕ ነው። ሃያ አራትን በስድስት አባዢ ሲባል ግን 1224 ብላ ጽፋለች። ስድስት ጊዜ አራት 24፣ ስድስት ጊዜ ሁለት 12 ብላ ጎን ለጎን አስቀምጣዋለች። ሁለቱን ይዞ ከአሥሮቹ ጋር መደመርን አልያዘችም። ገጹን ቢገልጥ ሁሉም እንዲሁ ነው። «ይህን ማን አየልሽ?» ብሎ ቢጠይቃት ደስ እያላት፣ «ቲቸር፣ ራዲዮው ጎበዝ ብሎኛል» አለችው። በራዲዮ የሚያስተምሩት መምህር ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ ጥቂት ዝም ይላሉ፤ ከዚያም «ጎበዞች! በትክክል ሠራችሁ!» ይላሉ። ልጅቱ ሁለት ወር ሙሉ ስትሳሳት ሁለት ወር ሙሉ ተመስግናለች።

ይህ ለእኛ አዲስ ነገር ሊሆን ባልተገባ ነበር። በዚህ መሥሪያ ቤት ከምንሠራው አብዛኞቻችን በፕላዝማ የተማርን ነን። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፈው የቴሌቪዥን ትምህርት ሲጀመር ስክሪኑ በየክፍሉ ፊት ለፊት ተተከለ፤ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነበር። የክፍሉ መምህር መግቢያና መዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይደርሰዋል። የፕላዝማው አስተማሪ ጥያቄ ጠይቆ ጥቂት ሴኮንዶች ይጠብቃል፤ ጥያቄውን ጽፈን ሳንጨርስ መልሱ ይመጣል፤ ያልገባው እጁን ቢያወጣ ማን ያየዋል? መብራት ከጠፋም የዕለቱ ትምህርት አብሮ ይጠፋል። በሥዕልና በሙከራ የታገዘ በመሆኑ ጥሩ ጎን እንደ ነበረው አንክድም፤ ቤተ ሙከራ በሌለው ትምህርት ቤት የኬሚስትሪን ሙከራ ያየነው በዚያ ነው። ይሁን እንጂ የዚያን ጊዜ ተማሪዎች የነበርን ሰዎች ከ15 ዓመት በኋላ ያንኑ ስሕተት በቴሌግራም መድገማችን ያስገርማል።

እንግዲህ የመሣሪያዎችን ሁሉ ልዩነት የሚያሳየው ይህ ነው። ራዲዮ፣ ፕላዝማ፣ በቴሌግራም የተላከ ድምፅ፣ እነዚህ ሁሉ ትምህርቱን ወደ ልጁ ያደርሳሉ። የልጁን ስሕተት ወደ መምህሩ የሚመልሰው መንገድ ግን የለም። መምህር በክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚያደርገው ይህን ነው፤ በወንበሮቹ መካከል ይመላለሳል፣ ደብተር ላይ ያጎነብሳል፣ «ይህን እንዴት አገኘኸው?» ይላል። ይህ ሥራ ስለማይታይ ትምህርት ማለት ንግግሩ ብቻ ይመስለናል።

መምህሩ ያደረገው እንዲህ ነው። ሰባቱ ስልክ የሌላቸው ልጆች መልመጃውን በወረቀት ተባዝቶ ከቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ዘንድ ሰኞ ይወስዳሉ፤ ዓርብ ሠርተው እዚያው ያኖራሉ። ዘበኛው ጋሼ ማንበብ ባይችሉም ማን እንደመለሰና ማን እንዳልመለሰ በቃላቸው ያውቁ ነበር። ለቀሩት 40 ልጆች መምህሩ በሳምንት አንድ ቀን በተራ ስልክ ይደውላል። «ወረቀትና እርሳስ ይዘሃል?» ይላል በመጀመሪያ። አንድ ጥያቄ ይሰጣል፤ ልጁ እያሰበ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይሠራል፤ መምህሩ ያዳምጣል። ያቺ ልጅ በሦስተኛው ሳምንት 144 አለችው።

በወቅቱ ይህን ያደረግነው ሌላ መንገድ ስላጣን ነው። በኋላ ግን በቦትስዋና በዚያው የመዘጋት ጊዜ የተደረገ ጥናት አነበብን። ተመራማሪዎቹ ከ4,500 በላይ ቤተሰቦችን በዕጣ ከፋፈሉ። ለአንዱ ክፍል በየሳምንቱ የሒሳብ ጥያቄ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ተላከ። ለሁለተኛው መልእክቱ ከተላከ በኋላ አስተማሪ ደውሎ ከልጁ ጋር 20 ደቂቃ ያህል ሒሳቡን ሠራ። ሦስተኛው ምንም አልተላከለትም። በመጨረሻ ሲፈተኑ፣ የተደወለላቸው ልጆች በሒሳብ ግልጽ መሻሻል አሳዩ፤ መልእክት ብቻ የተላከላቸው ግን ምንም ካልተላከላቸው እምብዛም አልተለዩም። ጥናቱ ከዚያ በኋላ በሕንድ፣ በኬንያ፣ በኔፓል፣ በፊሊፒንስና በዩጋንዳ ተደግሞ ጥሪው በእነዚያም አገሮች ጠቅሟል። መሣሪያው ግን ከሁሉ የረከሰው ተራ ስልክ ነበር።

ይህን ስንል ጥሪው ቀላል ነው ማለታችን አይደለም። 40 ልጆች በሩብ ሰዓት ሲባዙ 10 ሰዓት ይሆናል፤ በየሳምንቱ። የስልክ ካርዱን እኛ ከፈልን፤ ድካሙን ግን የከፈለው መምህሩ ነው። በስልክ ደግሞ ማንበብን ማስተማር ከሒሳብ ይልቅ እጅግ ይከብዳል፤ ልጁ የትኛውን ፊደል በጣቱ እያመለከተ እንደ ሆነ አይታይምና።

ሌላም ነገር በስልኩ መጣ። ከአርባዎቹ የአንዲቱ ልጅ ቤት ለሁለት ሳምንት ሲደወል «ወጥታለች» ይባል ነበር። በሦስተኛው ሳምንት መምህሩ ጥርጣሬ ገብቶት ከአንድ ሽማግሌ ጋር ወደ ቤታቸው ሄደ። ልጅቱ ወደ ሌላ ከተማ፣ ዘመድ ቤት በሞግዚትነት ተልካ ነበር፤ 12 ዓመቷ ነው። አባቷ ከቀን ሥራ ተሰናብተው ስለ ነበር በእርሳቸው ለመፍረድ አልቻልንም። ለቤተሰቡ የእህል እርዳታ ተደረገ፤ ልጅቱም ከብዙ ምልልስ በኋላ በ2014 ዓ.ም. መስከረም ተመልሳ ገባች፤ የዓመቱን አጋማሽ ተምራ ግን ደግማ ሄደች። ዛሬ የት እንዳለች እናውቃለን፤ አልተማረችም። ይህን የምንነግራችሁ ጥሪው ሁሉን ይፈታል እንዳይመስላችሁ ነው። ሆኖም በዚያ ሰሞን የመልእክቱ ቡድን ውስጥ ማን እንደጠፋ የሚያውቅ አልነበረም።

ወደ ዛሬው ነገር እንምጣ። ትምህርት ቤቶች ከተከፈቱ ዓመታት አልፈዋል፤ ቴሌግራሙ ግን አልተዘጋም፤ መልካም ሥራም ይሠራል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር የታተመው መጽሐፍ ለብዙ ልጆች ሳይደርስ በስልክ የሚከፈተው ቅጂ ቀድሞ ደርሶ ነበር፤ መምህራኖቻችን አንዱን ምዕራፍ አውርደው እያባዙ ሰጥተዋል። መምህራን የፈተና ጥያቄ ይለዋወጡበታል። የልብን አሠራር የሚያሳይ አጭር ፊልም በአንድ ስልክ ላይ ለ20 ልጆች ሲታይ አይተናል፤ መምህሩ በየመካከሉ እያቆመ ይጠይቃቸዋል። ያ ፊልም ያለ ጥያቄው ቢሆን ኖሮ ጨዋታ ብቻ ይሆን ነበር።

በዚህ ዘመን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው መጥቷል። ከቀደሙት የሚለየው ለልጁ መልስ የሚሰጥ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ከፕላዝማው ጋር አንድ ነው ልንል አንችልም። በፕሮጀክታችን ካሉት የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች አንዱ የድርሰት የቤት ሥራውን በዚህ ሠርቶ መጣ፤ ቋንቋው ከመምህሩ የተሻለ ነበር። መምህሩ አልተቆጣውም። «ሁለተኛውን አንቀጽ በራስህ አፍ ንገረኝ» ቢለው ልጁ ዝም አለ። ለጎበዝ ተማሪና ለሚዘጋጅ መምህር ይጠቅማል ብለን እናምናለን፤ የት እንደተሳሳተ ገና ለማያውቅ ሕፃን ግን ምን ብሎ ይጠይቀዋል?

ለአጥቢያው የመለስንላቸው ይህ ነው። በመጀመሪያ ደብዳቤያችን ታብሌቱ ይቅር፣ ገንዘቡ ለማስጠኛ መምህራን አበል፣ ለወረቀትና ማባዣ፣ ለስልክ ካርድ ይዋል አልናቸው። ሽማግሌዎቹ ተስማሙ፤ ወጣቶቹ ግን አልተስማሙም። «የሀብታም ልጆች በመሣሪያ ሲማሩ የእኛ ልጆች በወረቀት ይቅሩ?» ብለው ጻፉልን። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለከፊሎቹ ተማሪዎች በኮምፒዩተር እንደሚሰጥ፣ ማውዝ ጨብጦ የማያውቅ ልጅ እዚያ ሲቀርብ እጁ እንደሚንቀጠቀጥ አስታወሱን። ትክክል ናቸው፤ እኛም ይህን አላሰብነውም ነበር።

ስለዚህ በሁለተኛው ደብዳቤ ተስማማን። አጥቢያው 3 ታብሌትና አንድ ያገለገለ ኮምፒዩተር ይገዛል፤ በቢሮው ቁም ሣጥን ተቆልፈው ይቀመጣሉ፤ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ በተራ፣ መምህር ባለበት ይለማመዱባቸዋል። የቀረው ገንዘብ ለሁለት የማስጠኛ መምህራን አበል ይውላል። የእያንዳንዱ ልጅ ቤት የስልክ ቁጥር፣ ስልክ ከሌለም የሚያስደውል ጎረቤት ስም፣ በአንድ መዝገብ ከአሁኑ ይጻፋል። ይህን መዝገብ ሌሎቻችሁም ገንዘብ ሳትጠብቁ በዚህ ሳምንት ልትጀምሩት ትችላላችሁ፤ ትምህርት ቤት ከተዘጋ በኋላ ቁጥር መፈለግ እንዴት እንደሚያስቸግር አይተነዋል።

የሐዋሳው መምህራችን ያችን ደብተሩን እስከ ዛሬ ይዟታል። ክረምት ሲሆን አሁንም ከፕሮጀክቱ ልጆች ለደካሞቹ ይደውላል፤ በዘንድሮው ዝርዝር 16 ስም አለ።