እውነት ወይስ ተረት? ቆሻሻችን ሚዛን ላይ ሲወጣ

ስለ ቆሻሻ ብዙዎቻችን ሳንጠራጠር የያዝነው ደረጃ አለ። ወረቀት ከፌስታል ይሻላል፤ ማቃጠል ከመድፋት ይሻላል፤ መልሶ መጠቀም ከሁሉም ይበልጣል፤ የሚበሰብስ ነገር ደግሞ ማንንም አይጎዳም። ከእነዚህ አንዳንዱ እውነት ነው። አንዳንዱ ኮፐንሃገን ላይ እውነት ሆኖ አዲስ አበባ ላይ ግን አይሠራም። አንዳንዱም የትም ቢሆን ስህተት ነው።

ለይቶ ለማወቅ የሚረዳ ስሌት አለ፤ የሕይወት ዑደት ግምገማ ይባላል። አንድን ዕቃ ወይም አሠራር ከጥሬ ዕቃው እስከ መጨረሻ መጣያው ድረስ እየተከተለ የፈጀውን ነዳጅ፣ ውሃና መብራት፣ ወደ አየር፣ ወደ ወንዝና ወደ አፈር የለቀቀውንም ሁሉ ይመዘግባል። ለቆሻሻ ሲውል መነሻው ለምሳሌ "አንድ ቶን የአዲስ አበባ የቤት ቆሻሻ" ይሆናል። ያ አንድ ቶን ቢደፋ፣ ቢቃጠል፣ ቢብላላ ወይም ተለይቶ ለፋብሪካ ቢሸጥ ምን ይከተላል? ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ ያለው ዋና ጥያቄ ግን "በምን ምትክ?" የሚለው ነው። መብራት ከመነጨ የየትኛውን መብራት ቦታ ያዘ? ብስባሽ ከተሠራ የትኛውን ማዳበሪያ አስቀረ? ይህ ሳይመለስ አንዱን አሠራር "አረንጓዴ" ማለት ባዶ ቃል ነው።

ተረት፦ "ፌስታሉን በጨርቅ ቦርሳ ከቀየርኩ ተገላገልኩ"

የእንግሊዝ የአካባቢ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተመው ጥናት መሠረት፣ የጥጥ ቦርሳ በአየር ንብረት ላይ ያለው ጫና አንድ ጊዜ ብቻ አገልግሎ ከተጣለ ስስ ፌስታል እንዲያንስ 131 ጊዜ መያዝ አለበት። የወረቀት ቦርሳ 3 ጊዜ ይበቃዋል፤ ችግሩ 3 ጊዜ የሚቆይ የወረቀት ቦርሳ ማግኘቱ ነው። ጥጥ ውሃ፣ ማዳበሪያና መሬት ይፈልጋል፤ መፍተልና መሸመንም ኃይል ይበላል። ፌስታል ግን ግራሞቹ ጥቂት ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ የዴንማርክ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ጥናት ዓለምን ያነጋገረ ቁጥር ይዞ ወጣ፤ ያለ ኬሚካል ከለማ ጥጥ የተሠራ ቦርሳ 20,000 ጊዜ ካላገለገለ አይካስም የሚል። ቁጥሩ በየጋዜጣው ዞረ፤ ከየት እንደመጣ የጠየቀው ግን ጥቂት ሰው ነው። 20,000 የሚሆነው ቦርሳው በተመዘነባቸው መስፈርቶች ሁሉ እንዲያሸንፍ ሲጠየቅ ነው፤ ያን ያህል ያናረውም አንድ መስፈርት፣ የኦዞን ሽፋን ጉዳይ ነው። የአየር ንብረት ብቻ ሲታይ ቁጥሩ ወደ 149 ይወርዳል። በዚያ ላይ ቦርሳው የሚይዘው መጠን ለንጽጽር ከተያዘው ትንሽ ስላነሰ ሁለት ቦርሳ ተብሎ ተቆጥሯል። ስሌቱ ውሸት አይደለም፤ ግን አንድ ቁጥር ከማዕቀፉ ተነጥሎ ሲወጣ እንዲህ ያሳስታል።

ታዲያ ፌስታል ነጻ ወጣ ማለት ነው? በፍጹም። ዴንማርክ ውስጥ አገልግሎቱን የጨረሰ ፌስታል ከቆሻሻ ጋር ይሰበሰባል፣ ይቃጠላል። እኛ ዘንድ ነፋስ ይወስደዋል፤ የጎርፍ ቱቦ ውስጥ ገብቶ ይጠቀጠቅና ሐምሌ ላይ ውሃው መንገድ ላይ ይወጣል፤ ከብትም ይበላዋል። እነዚያ ጥናቶች መንገድ ላይ የሚጣል ፌስታልን ጉዳት ሊለኩ አልተዘጋጁም፤ ስለዚህ ለእኛ ጉዳይ ዋናው ዓምድ ባዶ ነው። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ከ0.03 ሚሊሜትር የሳሳውን ፌስታል ሲከለክል፣ በ2017 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዋጅም ክልከላውን ሲያጠብቀው ትክክለኛ ችግር ላይ አነጣጥረዋል ብዬ አምናለሁ። ጥናቶቹ የሚያስጠነቅቁን በፌስታሉ ቦታ ስለሚመጣው ነው። በየዝግጅቱ የድርጅት ስም ታትሞበት የሚታደለው አዲስ ቦርሳ ቁም ሣጥን ውስጥ የሚከማች ከሆነ ኪሳራ ነው። ጓዳ የተሰቀለው የእናት ዘንቢል ግን ሒሳቡን ከዘጋ ቆይቷል።

ተረት፦ "የሚበሰብስ ነገር መሬት ይመለሳል፤ ምንም አያመጣም"

በእኔ እምነት ለከተሞቻችን ከሁሉም የከፋው ይህ ነው።

የአዲስ አበባ የቤት ቆሻሻ ከግማሽ በላዩ የሚበሰብስ ነው፤ የድንች ልጣጭ፣ የጎመን እንጨት፣ የቡና አተላ፣ የተረፈ እንጀራ። ከጫት ቤቶች ደጃፍ በማዳበሪያ ተጠቅጥቆ የሚወጣውን ገረባ ጨምሩበት። ይህ ሁሉ አየር ባለበት ቢበሰብስ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተክሉ ሲያድግ ከአየር የወሰደው ነው። አሥርና ሃያ ሜትር ቁልል ሥር ሲቀበር ግን አየር አያገኝም። አየር የማይፈልጉ ባክቴሪያዎች ይቀበሉትና ሜቴን ጋዝ ያደርጉታል። የመንግሥታቱ ድርጅት የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ጉባኤ በስድስተኛው ሪፖርቱ እንዳስቀመጠው፣ አንድ ኪሎ ሜቴን በ100 ዓመት ሲታሰብ ከአንድ ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 27 እጥፍ ገደማ ያሞቃል፤ በ20 ዓመት ሲታሰብ ደግሞ ከ80 እጥፍ አያንስም። ያው የድንች ልጣጭ አየር አግኝቶ በመበስበሱና አየር አጥቶ በመበስበሱ መካከል ያለው ልዩነት የሚመጣው ከዚህ ነው።

ከ50 ዓመት በላይ የከተማዋ ቆሻሻ የተደፋበት ረጲ፣ ሁላችንም ቆሼ የምንለው ቦታ፣ እንዲህ የሚብላላ ተራራ ነው። ከሥሩም ጥቁር ፈሳሽ ይወጣል። በሕይወት ዑደት ግምገማ ውስጥ ጋዝ የማይሰበሰብበት እንዲህ ያለ ክምር ብዙውን ጊዜ ከአማራጮች ሁሉ መጨረሻ ይወጣል፤ ምክንያቱ ደግሞ ፕላስቲኩ አይደለም። ፕላስቲክ መሬት ውስጥ በዝምታ ይቆያል። ጋዙን የሚያመጣው እርጥቡ ነው።

ብስባሽ መሥራትም ቢሆን በስሙ ብቻ አይድንም። ክምሩ በጭብጥ ሲጨመቅ ውሃ የሚንጠባጠብ ከሆነ አየር የለውም ማለት ነው፤ ሳይገላበጥ ከቆየ ትንሽዬ ቆሼ ይሆናል። ደረቅ ነገር፣ ለምሳሌ የተከታተፈ ገረባ ወይም ቅጠል፣ ከእርጥቡ ጋር ተደባልቆ ከተገላበጠ ግን ውስጡ ከ55 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ ብዙ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንና የአረም ዘርም በዚያው ይሞታሉ። ከዚያ "በምን ምትክ?" የሚለው ይመጣል። ዩሪያ ከተፈጥሮ ጋዝ ተሠርቶ፣ በመርከብ ጅቡቲ ደርሶ፣ በጭነት መኪና ተጎትቶ የሚገባ ነው። ገበሬው ብስባሹን በዩሪያው ፋንታ ከተጠቀመ ያ ሁሉ መንገድ ከሒሳቡ ይቀነሳል። ብስባሹ ውስጥ የጠርሙስ ስብርባሪና የባትሪ ድንጋይ ተገኝቶበት ገበሬው አልፈልግም ካለ ግን ምንም አልተተካም። ለዚህ ነው መለየት ያለበት ቤት ውስጥ፣ ገና ሳይደባለቅ ነው የምለው። በማኅበር የተደራጁት ሰብሳቢዎች ጋሪያቸው ላይ አንዴ የተደባለቀውን ማንም መልሶ አያጠራውም።

ተረት፦ "ቆሻሻ አቃጥሎ መብራት ማውጣት በየትኛውም አገር ንጹሕ ኃይል ነው"

የረጲ ከቆሻሻ ኃይል ማመንጫ ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ሲመረቅ በአፍሪካ የመጀመሪያው ተብሎ ነበር። በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥልና 25 ሜጋዋት ገደማ እንዲያመነጭ ታስቦ ነው የተሠራው። ሐሳቡ ከአውሮፓ የመጣ ነው፤ ኮፐንሃገን ውስጥ ያለውና ጣሪያው ላይ የበረዶ መንሸራተቻ የተሠራበት አማገር ባከ የዚህ ዓይነቱ ማቃጠያ አርማ ሆኗል።

ኮፐንሃገን ላይ ሒሳቡ የሚያምረው ለምንድን ነው? አንደኛ፣ ከማቃጠያው የሚወጣው ሙቀት በቧንቧ ወደ ቤቶች ገብቶ ክረምቱን ያሞቃል። መብራት ብቻ ከሚያመነጭ ማቃጠያ የሚገኘው ከቆሻሻው ጉልበት ሩብ ገደማ ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይበተናል። አዲስ አበባ ውስጥ ሙቀቱን የሚገዛ ቤት የለም። ሁለተኛ፣ አውሮፓ ውስጥ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ከቆሻሻ ሲመጣ በብዙ ቦታ የድንጋይ ከሰል ወይም የጋዝ ኃይል ይቀንሳል። የኢትዮጵያ መብራት ከ90 በመቶ በላዩ ከውሃ ነው፤ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የውሃ ኃይልን ቦታ የሚይዝ መብራት ያስቀረው ጭስ የለም ማለት ይቻላል። እንዲያውም አንድ ኪሎ ፌስታል ሲቃጠል ከ3 ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ ይህም መነሻው ነዳጅ ዘይት ነው።

ሦስተኛው እርጥበቱ ነው። ከ100 ኪሎ የአትክልት ልጣጭ ከ70 ኪሎ በላዩ ውሃ ነው፤ አንድ ኪሎ ውሃ ለማትነን ደግሞ 2.3 ሜጋጁል ገደማ ይጠፋል። የዓለም ባንክ ቀድሞ ያወጣው መመሪያ ለማቃጠያ የሚቀርብ ቆሻሻ የሙቀት መጠኑ በዓመት በአማካይ በኪሎ ከ7 ሜጋጁል ማነስ እንደሌለበት፣ በየትኛውም ወቅት ደግሞ ከ6 በታች እንዳይወርድ ይመክራል። ሐምሌና ነሐሴ ገንዳ ውስጥ ዝናብ ሲጠጣ የከረመ ቆሻሻ ይህን መስፈርት ማሟላት ይከብደዋል።

ይህን ብዬ ማቃጠያው ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ንጽጽሩ ከቆሼ ክምር ጋር ከሆነ ማቃጠሉ ሜቴኑን ያስቀራል፤ የቆሻሻውን ክብደትም ወደ ሩብ ገደማ ያወርደዋል፤ መሬት ለሌለው ከተማ ይህ ቀላል አይደለም። በ2008 ዓ.ም. ሰንዳፋ ላይ የተከፈተው ማስወገጃ በአካባቢው ገበሬዎች ተቃውሞ በወራት ውስጥ ሲቆም ቆሻሻው ተመልሶ ወደ ቆሼ ነበር የሄደው። ነገር ግን ጥቅሙ የሚመጣው ከመብራቱ ሳይሆን እርጥቡ ከክምሩ በመቅረቱ ነው። ያንኑ ጥቅም እርጥቡን ለይቶ በማብላላት ማግኘት ይቻላል፤ ያውም ምድጃውን ከውሃ ገላግሎ።

ተረት፦ "መልሶ መጠቀም የሠለጠነው ዓለም ሥራ ነው፤ እኛ ገና ነን"

አንድ የቢራ ጠርሙስ በካሳ ተመልሶ፣ ታጥቦ እንደገና ሲሞላ ያስቀረው በ1,500 ዲግሪ ገደማ የሚቀልጥ አዲስ ብርጭቆ ነው። መንገዱ አጭር ከሆነና ጠርሙሱ ደጋግሞ ከተመለሰ በግምገማዎች ውስጥ ጥሩ ውጤት ከሚያመጡ አሠራሮች አንዱ ይህ ነው፤ እኛም ሳንሰብክለት ስንሠራበት ኖረናል። "ቆራሌው!" እያለ በየበሩ የሚዞረው ልጅ፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጠው ባለሙያ፣ ሃይላንድ በማዳበሪያ ሞልቶ ለመፍጫ የሚያስረክበው ሰብሳቢ፣ ሁሉም የዚህ ሒሳብ ባለቤቶች ናቸው። አሉሚኒየም መልሶ ማቅለጥ ከማዕድኑ አዲስ ከማውጣት 95 በመቶ ገደማ ኃይል ይቆጥባል፤ የጭነቱ ነዳጅ ከዚህ ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ አይባልም። ለቀላልና ለቆሸሸ ፕላስቲክ ግን ትርፉ ይጠባል፤ ለማጠብ የሚፈሰው ውሃና የሚጣለው ብልሽት ብዙ ነው።

ተረት፦ "ጥናቱ ከተናገረ አበቃ"

ከመጀመሪያዎቹ የዚህ ዓይነት ጥናቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1969 ለኮካ ኮላ የተሠራው የጠርሙስና የጣሳ ንጽጽር ነው፤ ሙያው ገና ሲጀመር ከፋዩ የዕቃው ባለቤት ነበር። ኋላ ላይ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት አይኤስኦ 14040 እና 14044 በሚባሉት ደረጃዎች ሥርዓት አበጀለት። ሥርዓቱ ስሌቱ ግልጽ እንዲሆን ያስገድዳል እንጂ መልሱን አንድ አያደርግም። እ.ኤ.አ. በ2014 ተመራማሪዎች 222 የቆሻሻ አያያዝ ግምገማዎችን ሰብስበው ሲያዩ ለሁሉም ቦታ የሚሆን አንድ ደረጃ አላገኙም፤ የየአካባቢው ሁኔታ ውጤቱን ይለዋውጠዋል። አብዛኛው ጥናትም የተሠራው በበለጸጉ አገሮች ነው። የአውሮፓ ኅብረት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መመሪያ፣ የሕይወት ዑደት አስተሳሰብ ካስረዳ ከተለመደው የቆሻሻ ተዋረድ መውጣት ይቻላል ይላል።

ስሌቱ የማያያቸው ነገሮችም አሉ። ብዙዎቹ የቆሻሻ ግምገማዎች ከገንዳው ይጀምራሉ፤ ቆሻሻው ከመፈጠሩ በፊት ያለውን ሁሉ እንደ ዜሮ ይይዛሉ። ስለዚህ ያልተገዛ ዕቃ፣ ያልተደፋ ምግብ ጥቅሙ አይታይም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ያ አደጋ በካርቦን ኪሎ የሚጻፍበት መስመር አልነበረም። ከክምሩ ላይ ብረትና ፕላስቲክ ለቅመው የሚያድሩ ሰዎች ቦታው ሲዘጋ የሚያጡት ገቢም እንዲሁ ነው። እነዚህ ከስሌቱ ጎን ለብቻቸው ተጽፈው ውሳኔ ሰጪው ፊት መቅረብ አለባቸው።

ስለዚህ ለከተማ አስተዳደር ጥናት ይዞ የሚቀርብ አማካሪ ገና ሲጀምር ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። ቆሻሻው የተመዘነው የት ነው? በበጋ ብቻ ነው ወይስ በክረምትም? ገረባውና አመዱ ተቆጥሯል? የተተካው መብራት የማን አገር መብራት ነው? ሜቴኑ በ20 ዓመት ነው የታሰበው ወይስ በ100? ብስባሹን የሚገዛው ገበሬ ተጠይቋል? ለጥናቱ ማን ከፈለ? መልሶቹ ከሌላ አገር ተቀድተው ከሆነ በር ላይ ሚዛን ተክሎ፣ ከየክፍለ ከተማው ጥቂት ማዳበሪያ ቆሻሻ ዘርግፎና ለይቶ መመዘን ይቻላል፤ ሸራ፣ ጓንት፣ ሚዛንና መዝገብ ይበቃል፤ በበጋ አንድ ጊዜ፣ በክረምት አንድ ጊዜ።