ከወንዝ ውኃ የሚታነጽ ሆቴል

ነጋዴ ሰው ሆቴል ሲያሠራ አስቀድሞ የሚያስበው ሕንፃው ስንት ዘመን እንደሚቆም ነው። በስዊድን ሰሜን፣ ከኪሩና ከተማ አጠገብ ባለችው በዩካስያርቪ መንደር ግን በየዓመቱ ቀልጦ ወደ ወንዙ የሚመለስ ሆቴል ይገኛል። ቀድሞ ጎብኚ ወደዚያ የሚሄደው በሙቀት ወራት ብቻ ስለ ነበር፣ ፀሐይ የምትሰወርበት የብርድ ወቅት ለንግድ የሞተ ጊዜ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990 ማደሪያ ያጡ እንግዶች፣ ለሥዕል ማሳያ ከበረዶ በተሠራ አዳራሽ ውስጥ በአጋዘን ቆዳ ላይ ተኝተው አደሩ፤ ሆቴሉም ከዚህ ተወለደ።

በመጋቢት ወር ከቶርኔ ወንዝ ላይ እስከ ሁለት ቶን የሚመዝን በረዶ እንደ ጥርብ ድንጋይ እየተቆረጠ በመጋዘን ይከማቻል። ብርዱ ሲመለስ፣ በረዶና አመዳይ ተደባልቆ በብረት ቅርጽ ላይ ይነፋል፤ ሲጠነክር ብረቱ ይነሣና ቅስቱ ብቻውን ይቆማል። አልጋውም፣ የመጠጡም ብርጭቆ ሳይቀር በረዶ ነው። ክፍሉ ከዜሮ በታች ከ5 እስከ 8 ዲግሪ ስለሚቀዘቅዝ እንግዳው በወፍራም የመኝታ ከረጢት ተጠቅልሎ ያድራል። ለዚህ ብርድ ገንዘብ የሚከፍል መገኘቱ በእርግጥ የሚያስደንቅ ነው።

በ2016 ዓመቱን ሙሉ የማይፈርስ ሁለተኛ ሕንፃ ተጨመረ። በሙቀት ወራት ይህን ሕንፃ የሚያቀዘቅዘው ኤሌክትሪክ የሚገኘው፣ በዚያ ወራት ሌሊትም ከማትጠልቀው ፀሐይ ነው።